የእኔም አያት ደሴ አስተማሪ ነበረች

ስለ አያትህ የጻፍከውን አንብቤ ዓይኔ እንባ አቀረረ። አስተማሪና አጥባቂ ሉተራን ነበሩ ስትል የእኔዋን አስታወስከኝ።

አያቴ፣ እማማ የምንላት፣ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን የሆነችው የመካነ ኢየሱስ ምእመን ነበረች። ሰፈሩ በሙሉ «ጴንጤዋ ቲቸር» ይላት ነበር። ሉተራንና ጴንጤ አንድ አይደለም ብላ ማስረዳት የተወችው ሰልችቷት ነው። በ1955 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ሳትሰማ አትተኛም ነበር አሉ። ደርግ በ1969 ጣቢያውን ሲወርሰው ራዲዮኗን በጥልፍ ጨርቅ ሸፍና ቁም ሣጥን ላይ ሰቀለቻት። (አባቴ እስከ ዛሬ በዚህ ይስቃል።)

እኔ የማልረሳው እጇን ነው። አውራ ጣቷ ከጠመኔ ብዛት ተሰነጣጥቆ ነበር። እርሳሳችንን በምላጭ ትቀርጽልን ነበር። ደብዳቤ ስንጽፍላት በቀይ እስክሪብቶ አርማ ትመልስልን ነበር። «ሀ»ና «ሐ» ከተምታቱማ ጉዳችን ፈላ!

ስታርፍ ለቀስተኛውን ያስተናገዱት ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ናቸው። ወሎ አይደል? ድንኳኑ ውስጥ ወዲህ መዝሙር፣ ወዲያ ዱዓ። አንዲት እናት «ስሜን መጻፍ ያስተማረችኝ እሷ ናት» አሉና ጎንበስ ብለው አፈሩ ላይ በጣታቸው ስማቸውን ጻፉ።