በአንድ ረድፍ የተንሸራተቱ ጂኖች

«ማይክሮአሬይ ጊዜው አልፎበታል» የሚሉ ሰዎች በዝተዋል። ማይክሮአሬይ በሺዎች የሚቆጠሩ ጂኖችን በአንዴ የሚለካ ቺፕ ነው። ዲኤንኤን ፊደል በፊደል ማንበብ እየረከሰ ስለመጣ ቺፑን ሙዚየም አስገቡት ባዮች ናቸው። እኔ አልቸኩልም። እድገቱ የዘገየ ልጅ ክሮሞዞሙ ላይ የጎደለ ወይም የተደገመ ነገር እንዳለ ለማየት፣ ከ2010 ጀምሮ በመጀመሪያ እንዲታዘዝ የተመከረው ምርመራ ይኸው ቺፕ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ክሮሞዞሙን በማይክሮስኮፕ ማየት ከ100 ልጆች የ3ቱን ያህል ምክንያት ቢያገኝ ነው። ቺፑ ከ15 እስከ 20 ያገኛል።

ለማያውቀው ባጭሩ ላስረዳ። አንድ የማይክሮስኮፕ መስታወት አስቡ። ላዩ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ነጠብጣቦች አሉ። እያንዳንዱ ነጠብጣብ የአንድ ጂን ቁራጭ ይዟል። ከጤነኛው ሴል የመጣው ናሙና አረንጓዴ፣ ከካንሰሩ የመጣው ቀይ ቀለም ይነከርና አንድ ላይ ይፈስበታል። ሁሉም አቻውን ፈልጎ ይጣበቃል። ነጠብጣቡ ቀይ ካበራ ያ ጂን ካንሰሩ ውስጥ በርትቶ እየሠራ ነው። አረንጓዴ ከሆነ ተገላቢጦሽ ነው። ቢጫ ከሆነ እኩል ናቸው። በ1995 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ይህን ሲያሳዩ የለኩት የአንዲት ትንሽ ተክል 45 ጂኖችን ነበር። በ1999 ሁለት የደም ካንሰር ዓይነቶችን በጂኖቻቸው ሁኔታ ብቻ መለየት ተቻለ። በ2003 ሳርስ ሲነሳም ቫይረሱ የኮሮና ዘር መሆኑን ለመለየት ከረዱት መሣሪያዎች አንዱ የቫይረስ ቺፕ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ደስ ይላል። ጣጣው የሚመጣው የነጠብጣቦቹን ቀለም የሚያነበው ስካነር ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ነው።

20,000 ጂኖችን በአንዴ ለክታችሁ፣ ለእያንዳንዱ 5 በመቶ የስህተት ዕድል ፈቀዳችሁ እንበል። አንድም ጂን ሳይለወጥ 1,000 የሚሆኑት «ተለውጠናል» ብለው ይወጣሉ። ለዚህ የታወቀ ማስተካከያ አለ። መጠቀም ብቻ ነው። ማስተካከያ የሌለው ሌላ ነው፦ የጤነኞቹን ናሙና ሰኞ፣ የታማሚዎቹን ማክሰኞ ቺፕ ላይ ማድረግ። ያኔ ያገኛችሁት ልዩነት የበሽታው ይሁን የማክሰኞ በምን ይታወቃል? የቱም ሶፍትዌር አያድናችሁም። የስታቲስቲክስ ባለሙያ ግን ናሙናዎቹን ቀላቅላችሁ በሁለቱም ቀን ሥሩ ይላችሁ ነበር፣ ቀድማችሁ ብትጠሩት። ብዙ ጊዜ የሚጠራው ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው።

ደግሞ ኤክሴል አለ። «ሴፕት 2» የሚባል ጂን ነበር። ኤክሴል ይህን ሲያይ ሴፕቴምበር 2 ያደርገዋል። «ማርች 1» የተባለውም እንደዚያው ቀን ሆኖ ቁጭ ይላል። በ2004 የማይክሮአሬይ ዳታ ሲመረምሩ የነበሩ ሰዎች ችግሩን በጽሑፍ አሳወቁ። ከ12 ዓመት በኋላ ሲቆጠር፣ የጂን ዝርዝር በኤክሴል ካያያዙት ጥናቶች አንድ አምስተኛ ያህሉ ውስጥ ስህተቱ አለ። መጨረሻ ላይ ምን ተደረገ? በ2020 የጂን ስም አውጪው ኮሚቴ የጂኖቹን ስም ቀየረ። ኤክሴልን ከመጠበቅ ጂኑን እንደገና ክርስትና ማንሳት ቀለለ።

ይህ ያስቃል። የሚከተለው ግን አያስቅም። በ2006 ከዱክ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት፣ የትኛው ኬሞቴራፒ ለየትኛው ታማሚ እንደሚሠራ ከማይክሮአሬይ መተንበይ ይቻላል አለ። ሂዩስተን የሚገኘው ኤምዲ አንደርሰን ካንሰር ማዕከል ሁለት የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች፣ ኪት ባገርሊና ኬቪን ኩምብስ፣ ሊደግሙት ሞከሩ። አልደገም አላቸው። ወርደው ሲያዩ የጂኖቹ ዝርዝር በአንድ ረድፍ ተንሸራቷል። እያንዳንዱ ጂን የጎረቤቱን ስም ይዟል። ሌላ ቦታ ደግሞ መድኃኒቱ የሚሠራላቸውና የማይሠራላቸው ተገለባብጠዋል። ይህን የተገለባበጠ ውጤት ለሐኪም ስትሰጡት፣ ለታማሚው የማይሠራውን መድኃኒት እየመረጣችሁለት ነው። በዚህ መሠረት ሰዎች በሕክምና ሙከራ ላይ ነበሩ። ሁለቱ ባለሙያዎች ትችታቸውን በ2009 አወጡ። ሙከራዎቹ በ2010 ቆሙ፣ ጥናቱ በ2011 ተሰረዘ። በ2015 ደግሞ የአሜሪካ የምርምር ሥነ ምግባር ተቆጣጣሪ ቢሮ በምርምሩ ውስጥ ሐሰተኛ ዳታ እንደነበረ አስታወቀ።

ማጭበርበሩን ለጊዜው እንተወው። እኔን የሚያንገበግበኝ የተንሸራተተው ረድፍ ነው። ጥሬው ዳታና ስሌቱን የሠራው የኮምፒውተር ኮድ ገና ከመጀመሪያው ክፍት ቢሆኑ፣ አንድ ጎበዝ ተማሪ ያገኘው ነበር። ስለዚህ አቋሜ ግልጽ ነው፦ የስካነሩ ጥሬ ፋይል፣ የናሙናዎቹ መለያና ኮዱ ያልተያያዘበት የማይክሮአሬይ ውጤት ታማሚ አጠገብ መድረስ የለበትም። ከ2001 ጀምሮ ምን ምን መመዝገብ እንዳለበት የተስማሙበት መስፈርት አለ። ዳታው የሚቀመጥበት የሕዝብ ማከማቻም አለ። ሆኖም ገብታችሁ ስትፈልጉ ጥሬ ፋይሉ ኖሮ የትኛው ታማሚ የትኛው ጤነኛ እንደሆነ የማይገልጽ ዳታ ያጋጥማችኋል። ኮዱማ ከናካቴው የለም።

«አሁን እኮ ሁሉን ነገር እናነባለን፣ ቺፕ ምን ያደርጋል» ለሚሉኝ፦ የአዲሱ ማሽን ውጤት መጨረሻው ምንድን ነው? ያው ሠንጠረዥ። ጂኖቹ በረድፍ፣ ታማሚዎቹ በዓምድ። ያንን ፋይል ዛሬም አንድ ሰው በኤክሴል እየከፈተው ነው።