ምክንያቱን በጽሑፍ ስጡን

ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ፣ ኢሚግሬሽን ደጃፍ ላይ ወሬው ሁሉ ስለ ዋጋ ነው። የመደበኛ ፓስፖርት ክፍያ ከ2 ሺህ ወደ 5 ሺህ ብር ዘሏል። አስቸኳዩማ ከ20 ሺህ በታች አይታሰብም። ሰው ቢያማርር አይፈረድበትም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ዋጋው ቢያንስ በተጻፈ ደንብ ወጥቷል፣ ሁሉም ያውቀዋል። «አልደረሰም»፣ «ሲስተም የለም»፣ «ይሄ ሰነድ አይሆንም» የሚለው መልስ ግን የትም አልተጻፈም። መስኮቱ ላይ ያለው ሰው ሲቀየር መልሱም ሊቀየር ይችላል። ደላላ እንጀራውን የሚጋግረው እዚህች ላይ ነው።

ሕጉ እኮ አለ። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መሥሪያ ቤቶች ውሳኔያቸውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጡ ያዛል። የሚሠሩበት መመሪያም ተመዝግቦ ድረ ገጽ ላይ መውጣት አለበት። ቅር ያለው ሰው መጀመሪያ እዚያው ያመለክታል፤ ካልሆነለት ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ጥሩ። ግን በቃል የተመለሰ ሰው ዳኛ ፊት ምን ይዞ ይቆማል?

ልማዱ ከየት እንደመጣ ግምቴን ልናገር። ኢሚግሬሽን ለብዙ ዓመታት በብሔራዊ መረጃና ደህንነት ሥር ነበር። ከዚያ ወጥቶ ለሰላም ሚኒስቴር ተጠሪ የሆነው በ2011 ነው። ደህንነት ቤት ደግሞ «ለምን?» ተብሎ አይጠየቅም። ተጠሪነቱ ተቀየረ፤ ጠባዩ ግን ገና አለቀቀውም።

የውጭ ዜጋውማ ይብሳል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 32 በሕጋዊ መንገድ እዚህ ላለ የውጭ ዜጋም የመዘዋወር መብት ሰጥቶታል። «በሕጋዊ መንገድ» የሚለው ላይ ነው ጣጣው። የመኖሪያ ፈቃዱን ለማሳደስ አመልክቶ፣ ምክንያት ሳይነገረው ቀኑ ቢያልፍበት ሕጋዊነቱን ምን አድርጎ ያስረዳል? ቪዛ ሲያልፍ ቅጣቱ የሚቆጠረው በቀን ነው።

«ሕዝቡ ብዙ ነው፣ ለሁሉም ደብዳቤ አይጻፍም» የሚል ይኖራል። ማመልከቻው በኢንተርኔት፣ ክፍያው በስልክ ከሆነ በኋላ ይሄ አያሳምነኝም። ገንዘብ መግባቱን የሚነግር ቴክስት፣ ማመልከቻው ለምን እንደተመለሰ፣ በየትኛው መመሪያ እንደሆነና ቅሬታ የት እንደሚቀርብ መንገር አያቅተውም። የሐሰት ሰነድ ይዞ የሚመጣ አለ፤ ይጣራ። ግን የተጠረጠረውም ቢሆን በምን እንደተጠረጠረ ይጻፍለት። ለዚህ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ የ2012ቱ ይበቃል።