ስፓይደር ማን 2 ላይ ክንፉን ረሳችሁት
ስለ ስፓይደር ማን 2 የቪዲዮ ጌም ያወጣችሁት ጽሑፍ ካርታው ሰፋ፣ የኒው ዮርክ ሰፈሮቹ ኩዊንስና ብሩክሊን ተጨመሩ ብሎ አለፈ፣ ዋናውን ግን አልነካውም፣ የልብሱን ክንፍ! ከፎቅ ጫፍ ዘለህ ድሩን ለቀህ ክንፉን ስትዘረጋና የነፋሱን መስመር ስታገኝ ወንዙን በአየር ላይ ነው የምትሻገረው፣ ወላሂ እዚህ ደሴ ጌም ቤት ተራ የሚጠብቀው ልጅ ሁሉ ሚሽኑን ትቶ መብረር ብቻ ነው የሚፈልገው። ታሪኩ ላይ ግን ቅር ብሎኛል፤ አዳኙን ጠላት ክሬቨንን እንደዛ አስፈሪ አርገው አምጥተውት ሌላው ጠላት ቬነም ሲመጣ ሁሉም ነገር ጥድፊያ ሆነ፣ ሁለተኛው ስፓይደር ማን ማይልስም ዳር ቀረ። ጥቁሩን ልብስ ከለበሰ በኋላ የመጀመሪያው ስፓይደር ማን የፒተር ድምፅ እየሻከረ፣ ምቱም እየከፋ የሚሄድባት ነገር ግን በጣም ተሰርታለች። ደሞ በፈረንጆቹ 2023 ሲወጣ ኒው ጌም ፕላስ (ጨርሰህ ያገኘኸውን አቅም ይዘህ እንደገና መጀመር) የለውም ነበር፣ ከወራት በኋላ ነው በአፕዴት የመጣው፣ ለዚህ የሚያህል ጌም ይሄ ከመጀመሪያው ቀን መኖር ነበረበት።