ጋሼ፣ ሰሙት?

ባለፈው ቅዳሜ ቦሌ አካባቢ አንድ የስፒከር መሸጫ ውስጥ አንድ ሰዓት ከሩብ ተቀምጬ፣ ሳይቋረጥ የሰማሁት ሙዚቃ ተጠራቅሞ አራት ደቂቃ አይሞላም። ሰዓቴን እያየሁ ስለነበር ነው እንዲህ አስልቼ የምናገረው። የቀረውን ጊዜ የሰማሁት ሻጩን ነው። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ቡና አስመጥቶልኛል፣ የምቀመጥበትን ወንበር በእጅጌው ጠርጎልኛል። ነገር ግን ዘፈኑ ገና መግቢያው ላይ እያለ «ጋሼ፣ ይህቺን ይስሙልኝ!» ይላል። ጆሮዬን አቁሜ ልሰማ ስል «ሰሙት? የቤዙን አወራረድ ሰሙት?» ይላል። አልሰማሁም ለማለት አፌን ሳላላቅቅ ዘፈኑን ቀይሮታል። «አሁን ደግሞ ይህቺን ይስሙ።» ሰውን ስማ እያሉ እንዳይሰማ ማድረግ ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

ስፒከር ፍለጋ የወጣሁት ወድጄ አልነበረም። የእህቴ ልጅ ከጀርመን ሲመጣ የሻንጣውን ግማሽ የያዘ አምፕሊፋየር ይዞልኝ መጣ። ገጣጠመው፣ አንድ ዘፈን ሰማበት፣ ከዚያ ጭንቅላቱን ወዘወዘ። «አጎቴ፣ ስፒከሮችህ ለዚህ አይመጥኑም» አለኝ። በቃ። ሃያ ዓመት ያለ አንዲት ቅሬታ ሲያዘፍኑልኝ የኖሩ ሁለት ሳጥኖች በዚያች ቅጽበት አንካሳ ሆኑብኝ። እስከ ትናንት ጣፋጭ የነበረው የጥላሁን ገሠሠ ድምፅ ከብርድ ልብስ ሥር የሚወጣ መሰለኝ። ልጁ ጀርመኑ ገባ፤ እኔ ጥርጣሬዬን ታቅፌ ቀረሁ። ስጦታ እንዲህ ነው፤ በሬ የሰጠህ ሰው ሞፈርና ቀንበሩን አንተው ፈልግ ብሎህ ይሄዳል። የሞፈርና ቀንበሩን ዋጋ ለባለቤቴ የነገርኳት በግማሽ ቀንሼ ነው። እሷም ግማሹን ሰምታ ሙሉውን ተቆጣች።

የሻጩ የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ዋት ይፈልጋሉ?» የሚል ነበር። እኛ አገር ስፒከር እንደ ወፍጮ በጉልበቱ ነው የሚሸጠው። ጥፋቱ የልጁ አይደለም። አንድ ሰሞን ገበያውን ያጥለቀለቁት ቴፖች ግንባራቸው ላይ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ተለጥፎባቸው «ፒ.ኤም.ፒ.ኦ. 1000 ዋት» ይሉ ነበር፤ ለአፍታ ብቻ ይደረስበታል የተባለ ጫፍ ጉልበት ማለት ነው። በስድስት የባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ቴፕ! አንድ ሺህ ዋት የካውያ ጉልበት ነው፤ ያ ቴፕ እውነቱን ተናግሮ ቢሆን ኖሮ ሸሚዛችንን በተኮስንበት ነበር። ስፒከር የሚገዛ ሰው መጠየቅ ያለበት፣ ሳጥኑ በአንድ ዋት፣ በአንድ ሜትር ርቀት ላይ ስንት ዴሲቤል (የድምፅ ጩኸት መለኪያ) ያወጣል ብሎ ነው። 87 የሚያወጣውን ከ90ው እኩል ለማስጮህ እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። እጥፍ ዋት ደግሞ እጥፍ ጩኸት አይደለም፤ ድምፁ እጥፍ ሆኖ ለጆሮ እንዲሰማ ዋቱ አሥር እጥፍ ገደማ መሆን አለበት። ይህን ሁሉ ለልጁ ዘርዝሬ ነገርኩት። በአክብሮት አዳመጠኝ። «ልክ ነው ጋሼ፣ ይህኛው 300 ዋት ነው» አለኝ።

ቋንቋችንም ራሱ አላገዘንም። አምፕሊፋየሩም ድምፅ ማጉያ ነው፣ ስፒከሩም ድምፅ ማጉያ ነው፣ ሰልፍ ላይ የሚያዘው ጥሩንባም ድምፅ ማጉያ ነው። ሁሉም ማጉያ፤ አንዱም ማሰሚያ አልተባለም። ትልቁን ሳጥንማ ሞንታርቦ ብለን በጣሊያን ኩባንያ ስም ጠርተን፣ የኩባንያው ስም መሆኑን ረስተን፣ ዛሬ ከየትም ይምጣ ከየት ጮኾ ከተገኘ ሞንታርቦ ነው። ሠርግ ላይ ከድንኳኑ ምሰሶ ሥር ይቆምና ከጎንህ የተቀመጠውን የአክስትህን ልጅ ከአሥር ዓመት በኋላ አግኝተኸው «እንዴት ነህ?» ለማለት ጆሮው ውስጥ ትገባለህ። እሱም «ምን?» ይልሃል። ምግብ ቤቱም ያው ነው፤ አስተናጋጇ ጥብሱን ሽሮ ብላ ይዛልህ ትመጣለች፣ ሙዚቃውን ቀንሺው ስትላት ጨው የቀነስክባት ያህል ታዝንብሃለች። ይህን በቀልድ ብጀምረውም ቀልድ አይደለም፤ ያናድደኛል። ሙዚቃ የሌለበት ቦታ የለንም፤ ሙዚቃ የሚሰማ ሰው ግን ቢፈለግ አይገኝም። ቤቴ የሚመጣው እንግዳ እንኳ «እስቲ ያንን ከጀርመን የመጣውን አሰማን» ይልና፣ ክራሩ ገና ከመጀመሩ ስለ መሬት ሊዝ ማውራት ይቀጥላል። ሲወጣ ዋጋውን ይጠይቀኛል።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ይህን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ። ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን መጨረሻ የሚሰማው ራሱ ነው ለማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሃምሳ ስምንት ዓመት ሲሞላኝ ግን ሌላም ነገር ይዞ እንደተነገረ ጠረጠርኩ። ሻጩ የሰጠኝ ወረቀት ስፒከሩ እስከ 40,000 ኸርዝ (በሰከንድ የሚርገበገብበት ብዛት፤ ቁጥሩ ሲበዛ ድምፁ ይቀጥናል) ይደርሳል ይላል። የሰው ጆሮ በደኅናው ዘመኑ ከ20 እስከ 20,000 ነው የሚሰማው፤ የላይኛው ደግሞ ዕድሜ ሲጨምር እየተሸረፈ ይሄዳል። የእኔው 12,000ውን ካለፈ በእንግድነት ነው። ከ20,000 በላይ ያለውን ከቤተሰባችን መካከል ሊሰማ የሚችለው ቡቺ ነው፤ ቡቺ ደግሞ በር ላይ ታስሮ ነው የሚያድረው። የማልሰማውን ድምፅ ለውሻዬ ልገዛለት ማለት ነው። ተረቱ በመጀመሪያ ትርጉሙም አልማረኝም። ሰፈር ውስጥ ስለ እኔ የሚወራውን መጨረሻ የሰማሁት እኔው ነኝ፤ አምፕሊፋየሩ ሲወርድ ያዩ ጎረቤቶች የምሽት ቤት ሊከፍት ነው ብለዋል።

ከባዳ ወደ ዘመድ ልለፍ። የባለቤቴን ወንድም እስካሁን ይቅር አላልኩትም። በ1979 ዓ.ም. ሁዳዴ ላይ፣ ሰፈራችን ይኖሩ የነበሩ አንድ ሽማግሌ በገና ሲደረድሩ ቴፔን ዱካ ላይ አስቀምጬ ቀድቼያቸው ነበር። የስልሳ ደቂቃ ካሴት ነው፤ አንዱን ገጽ ሞልተውልኛል። ማንም እንዳይቀዳበት ብዬ ከካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለቱን የፕላስቲክ ጥርሶች ሰብሬያቸዋለሁ። ሽማግሌው በዓመቱ አረፉ። በዚያ ዘመን አሜሪካ ላለ ዘመድ ደብዳቤ ብቻ አይላክም፤ ድምፅ በካሴት ይላካል። የባለቤቴ ወንድም እህቱን ሰላም ሊል አስቦ፣ ካሴት ቸግሮት፣ የእኔን ከመሳቢያ አውጥቶ፣ የሰበርኳቸውን ቀዳዳዎች በወረቀት ወትፎ ቀዳበት። «ውድ እህቴ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል?» አክስትሽ ሰላም ብለውሻል። የአክስትሽ ልጅ ሰላም ብላሻለች። ላሚቱ ወልዳለች፣ ጥጃው ወይፈን ነው። ሃያ ሦስት ደቂቃ! ከመላኩ በፊት ይፈተሽ ተብሎ ቤተሰቡ ተሰበሰበ፤ እኔም ተጠራሁ። «በይ እንግዲህ ደኅና ሁኚ» አለና ቋ ብሎ ተዘጋ። ወዲያው የሽማግሌው በገና ከመሃሉ ብድግ አለ። እኔ ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ። የባለቤቴ ወንድም ምን ቢል ጥሩ ነው? «እሱ የድሮው ነው፣ አጥፉት።» ካሴቱ አሜሪካ ሄደ። ከዓመታት በኋላ ለእረፍት ስትመጣ እህቱን ጠየቅኋት፤ የወንድሟን ድምፅ በደንብ ታስታውሳለች፣ ላሚቱንም ታስታውሳለች። በገና ግን ትዝ አላላትም። «መጨረሻው ላይ እዝዝ የሚል ነገር ነበረ፣ ካሴቱ ተጎድቶ መሰለኝ» አለችኝ።

እንግዲህ ከሱቁ ርቄያለሁ፤ ነገር ግን ሻጩም ቢሆን አንድ ጊዜ እንኳ ያልጠየቀኝን ሳልናገር አልመለስም። ቤትዎ እንዴት ያለ ነው አላለኝም። ስፒከር ግማሹ ሳጥኑ ነው፣ ግማሹ ክፍሉ ነው። የእኔ ሳሎን ወለሉ ሴራሚክ ነው፣ አንድ ግድግዳው በሙሉ መስታወት ነው፤ መሃሉ ላይ ቆሜ ሳጨበጭብ ጭብጨባዬ እንደ ሳንቲም እየነጠረ ይመለስልኛል። የተወለድኩበት ጭቃ ቤት ኮርኒሱ አቡጀዲ ነበር፣ ወለሉ ላይ ሰሌን ተነጥፎበታል፣ አልጋው ላይ ጋቢ አለ፤ የአባቴ ሬዲዮ ያንን የመሰለ ድምፅ ይሰጥ የነበረው ለካ ወዶ አይደለም፣ ድምፁን ጠጥቶ የሚያስቀርለት ቤት ነበረው። ሁለቱ ስፒከሮችና አድማጩ ደግሞ ሦስት ጉልቻ ሠርተው፣ ከእያንዳንዳቸው እኩል ርቀው መቀመጥ አለባቸው። የእኔን ጉልቻ ረከቦቱ ይዞታል። ጥግ ላይ የተቀመጠ ስፒከር ቤዙ ያብጣል፤ አሜሪካዊው ስፒከር ሠሪ ፖል ክሊፕሽ በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ይህንኑ ጠባይ ተጠቅሞ፣ በጥሩንባ መልክ ለሠራው ስፒከር የቤቱን ጥግ ራሱን የጥሩንባው መጨረሻ አድርጎታል። ሰውየው ሀበሻ ቤት ገብቶ ስለማያውቅ ነው። እኛ ቤት አንዱ ጥግ የፍሪጁ ነው፣ ሌላው ጥግ የቡፌው ነው፤ ለማንም የሚለቀቅ ጥግ የለም። የቀድሞዎቹ ስፒከሮች ላይ ባለቤቴ ዳንቴል አልብሳቸዋለች፣ በአንዱ ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ በአንዱ ላይ የልጃችን የምረቃ ፎቶግራፍ አለ። የአዲሶቹን ቁመት ስነግራት ቁጣዋ በረደ። «ወገብ የሚደርሱ ከሆነ ዕጣን ማጨሻውን አስቀምጥባቸዋለሁ» አለች።

ቅዳሜ ይዤው የሄድኩት የዓለሙ አጋ በገና የተቀዳበትን ሲዲ ነው። ከወንድ ወፍራም ድምፅና ከበገና የበለጠ የስፒከር ፈተና አላውቅም። ልጁ አስገባው። ሦስት ምት ያህል እንደሰማን ፊቱ ተለወጠ፤ አቆመው። «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ሲዲዎ ተበላሽቷል። እዝዝ ይላል።» አልተበላሸም፣ በገና እንዲህ ነው አልኩት። ከአውታሩና አውታሩ ከሚያርፍበት ከብርኩማው መካከል እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፤ ከበግ አንጀት የተሠራው አውታር ሲመታ በእሷ ምክንያት የብርኩማውን ጠርዝ እየነካካ ነው እዝዝ የሚለው፤ አሥሩም አውታር እንደዚያው ነው፣ ያለ እንዚራ በገናው ዲዳ ነው አልኩት። «ገባኝ ጋሼ» አለና ሌላ ጥንድ ስፒከር አገናኘ። እዝዝ። «ይህኛው ደግሞ አዲስ ቴክኖሎጂ ነው» ብሎ ሦስተኛ ጥንድ ቀየረ። ራይስና ኬሎግ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1925 (እ.ኤ.አ.) ከማግኔት፣ ከጥቅል ሽቦና ከወረቀት ሾጣጣ የሠሩት ነገር ዛሬም በመሠረቱ ያው ነው፤ አዲስ የሆነው ዋጋው ነው። ሦስተኛውም እዝዝ አለ። ልጁ ፊት ለፊት ያለውን ጨርቅ ገልጦ ሾጣጣውን በጣቱ ነካ፣ ተቀዶ እንደሆነ ብሎ። ሦስቱም ጥንድ እውነቱን ነበር የሚናገሩት። ከሦስቱ ደግሞ በገናውን አጠገቤ ያስቀመጠልኝ ትንሹና ርካሹ ነው፤ ዋቱ ስለሚያሳፍረው መሰለኝ ልጁ ቶሎ ነቀለው። «እነዚህን እንኳ ይተዉአቸው፤ አሁን ዘመናዊ ነገር ላሰማዎት፣ ይህቺን ይስሙልኝ።»

አልሰማኋትም። አስብበታለሁ ብዬ ተነሥቼ ወጣሁ፤ ሲዲዬን ረስቼ።

ዛሬ ጠዋት ይህን እየጻፍኩ ሳለ ስልኬ ጠራ። «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? ሲዲዎ እኮ እኔ ጋ ቀርቷል።» ከልጁ ድምፅ ጀርባ አንድ ነገር ይሰማል። የተለመደው የስልክ መስመር ከ300 ኸርዝ በታች ያለውን አያሳልፍም፤ የበገናው ወፍራሙ ድምፅ መንገድ ላይ ቀርቶ እኔ ዘንድ የደረሰው እዝዝታው ብቻ ነው። ከፍቶታል። በሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው ያለ አይመስልም፣ የመኪና ጥሩንባ እንኳ አይሰማም፤ ዘፈኑም ከመጀመሪያው ርቆ ሄዷል፣ እኔ ሱቁ ውስጥ አንድ ጊዜ ያልደረስኩበት ቦታ ደርሷል። ልጁ ግን ማውራቱን አልተወም። ስለ ቅናሽ ይናገራል፣ ለእርስዎ ስል ነው ይላል፣ ስለ 300 ዋቱ ይናገራል። ስልኩን ከጆሮዬ ጋር አጥብቄ ያዝኩት። አልመለስኩለትም፤ አልዘጋሁበትምም።

«ጋሼ? ሃሎ? ጋሼ፣ ይሰማል?»