300 ጫማ

ስልክ እያወራሁ ነበር። ባለቤቴ ከወጥ ቤት የሰማችው "300 ጫማ ይበቃኛል" የምትለዋን ብቻ ነው። ስልኩን ስዘጋ እየሳቀች መጣች። "ለማን ነው ይሄ ሁሉ ጫማ?" ለእንቁጣጣሽ አገር ቤት ልልክ መስሏታል። የመዳብ ሽቦ ነው አልኳት። ሳቋ እዚያው ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቺካጎ ስትኖር የሚሺጋን ሐይቅ ደጅህ ነው። ሐይቁ ደግሞ ሳልመን የሚባል ዓሣ አለው። ሐምሌና ነሐሴ አገር ቤት ዶፍ ሲወርድ እዚህ ፀሐይ ነው። ውሃው ከላይ ሲሞቅ ዓሣው ቀዝቃዛ ፍለጋ ወደ ታች ይወርዳል። ያኔ ጀልባዋ ቀስ እያለች መንጠቆውን ትጎትታለች። ትሮሊንግ ይሉታል። ተራ ክር ብቻውን ያን ያህል አይሰምጥም። መዳብ ግን ከባድ ነው። እንደ ጀልባዋ ፍጥነት ቢለያይም 100 ጫማ ስትለቅ ወደ 20 ጫማ ገደማ ይወርዳል። እስከዚህ ሒሳብ ነው። ጣጣው ሽቦውን የሚይዘው የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ላይ ነው።

አባቴ ዘንጉን ከወይራ ቆርጦ፣ ቅቤ ቀብቶ፣ ዕድሜውን ሙሉ ይዞታል። እኔ ለመምረጥ ብቻ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ቅዳሜ ቡና ላይ ጉዳዩን አነሳሁ። አንዱ ወዳጃችን ዓሣ የያዘው በሹካ ብቻ ነው። ብዙ የሚያውቀውም እሱ ነው። "ወፍራም ግዛ! ድርቅ ያለ!" አለ። ሐዋሳ ያደገው ደግሞ ክሩን ጣቱ ላይ ጠምጥሞ ቆሮሶ ሲያወጣ ነው የኖረው። "ዘንግ ደሞ ለምን?" ብሎ ፈንዲሻውን ዘገነ።

ጀልባ ያለው ሽማግሌ ጎረቤቴ ነው ያዳነኝ። መዳብ እንደ ላስቲክ አይለጠጥም። ዘንጉ ድርቅ ካለ ዓሣው ሲወራጭ መንጠቆው አፉን ቀዶ ይወጣል። በጣም ከለሰለሰ ደግሞ ሽቦው ራሱ ጎትቶ ያንበረክከዋል። ስለዚህ ወገቡ ጠንካራ፣ ጫፉ ግን እሺ ባይ ይሁን። ቁመቱ ከ7 እስከ 9 ጫማ። ሽቦ የሚያልፍባቸው ቀለበቶች ቶሎ የማይቦረቦሩ። 300 ጫማ መዳብ የሚጠቀለልበት ሪል የጀበና ሆድ ያህላል። እጀታው እሱን ካልቻለ ዋጋ የለውም።

ሱቅ ሄድን። እሱ ጫፉን ይዞ ወደ መሬት ይስባል፣ እኔ እጀታውን ታቅፌ ወገቡን አያለሁ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች መተላለፊያው መሃል ገመድ እንደሚጓተት ሕፃን። ስምንት ተኩል ጫማ ያለውን መረጥን። ለምንጣፍ የታሰበው ዕቁብ አብሮት ሄደ። መኪና ውስጥ አልገባ ብሎ ጫፉን በመስኮት አውጥተን መጣን።

ሐይቁ ላይ ሽቦውን ስለቅ አውራ ጣቴን ከሪሉ ላይ ለአፍታ አነሳሁ። አለቀ። መዳቡ እንደ ተበተነ ልቃቂት ፈነዳ። ስንፈታ አንድ ሰዓት ሄደ። የተቆለመመውን ቆርጠን ጣልነው። መዳብ አንዴ ከተቆለመመ እዚያው ቦታ ይበጠሳል። ቀጥሎ ዘንጉ ጎበጠ። "ያዘ!" አልኩ። ሽማግሌው "ሽቦው ነው" አለ። ሦስት ጊዜ ጮህኩ፣ ሦስቴም ሽቦው ነው። ዓሣ ሳይመጣ አለቃው ፊት እንደ ቆመ ሠራተኛ አጎንብሶ የሚውል ዘንግ ነው የገዛሁት።

በአራተኛው ግን ጫፉ ተንቀጠቀጠ። አንዲት ኮሆ ሳልመን። ዘሯ የሐይቁ አይደለም። በ1966 እ.ኤ.አ. ነው ከፓስፊክ በኩል የመጣውን ወደ ሚሺጋን ሐይቅ መልቀቅ የጀመሩት። እንደኛው መጤ ናት። ትንሽ አሳዘነችኝ። ግን ዕቁቤን አሰብኩ።

ቤት ስደርስ ፍልሰታ ነው። ዓሣ ይበላል፣ አይበላም የሚለው ክርክር ዘንግ ከመምረጥ በላይ ረዘመ። ዓሣው አለቀ፣ ክርክሩ ቀጠለ። መሃል ላይ አንድ እንግዳ ዘንጉን አንስቶ "እንዲህ ያለ እንዴት ይመረጣል?" አለ። አፌን ከመክፈቴ በፊት ያ ወዳጃችን ሹካውን ቀሰረ።

"ወገቡ ጠንካራ፣ ጫፉ እሺ ባይ። ለሱም እኔ ነኝ የነገርኩት።"