የመኪናው መሰኪያ ሳይታይ የማስገቢያ ፈቃድ አይሰጥ

የኤሌክትሪክ መኪና የማስገቢያ ፈቃድ ይጥበቅ ወይስ ይላላ በሚለው የሰሞኑ ክርክር ከአስመጪዎች ወገን አንድ መልስ ደጋግሞ ይሰማል። የቻርጅ መሰኪያው ዓይነት የፈቃድ ጉዳይ አይደለም፤ ካልገጠመ አዳፕተር አለ፤ ገዢው ራሱ ይወጣዋል ነው ነገሩ። እንዲህ የሚል ሰው የሚሸጠው መኪና ከሰበታ ወዲያ ይሄዳል ብሎ አላሰበም። ጅማ ላይ ሆኖ ለሚሰማው ይህ ንግግር ንቀት ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። ከአዲስ አበባ ጅማ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ቢዋይዲ ዩዋን አፕ የሚባለው የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ትልቁ ባትሪ 45 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ፋብሪካው በቻይና መለኪያ 401 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ይላል። ያ መለኪያ ዝግ ያለ የከተማ ጉዞ የሚበዛበት ነው። አምስት ሰው ከነሻንጣው ጭኖ በሰዓት 80 እና 90 የሚነዳ መኪና ግን ለ100 ኪሎ ሜትር ከ15 እስከ 17 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ስለዚህ 270፣ ቢበዛ 300 ኪሎ ሜትር ላይ ባትሪው ያልቃል። በዚያ ላይ መንገዱ ወርዶ የሚወጣበት ግቤ በረሃ አለ። ሁለት ቶን ክብደት 100 ሜትር ሽቅብ ለማውጣት ብቻ ከግማሽ ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይጠፋል፤ ቁልቁለቱ የሚመልሰው ሁልጊዜ ከዚያ ያነሰ ነው። ጅማ ከአዲስ አበባ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለችና የመልሱ ጉዞ ይብሳል። እንግዲህ ወሊሶ ወይም ወልቂጤ ላይ ቆሞ በፈጣን ቻርጀር መሙላት ግዴታ ነው። የመሰኪያው ነገር የሚነሳው እዚህ ላይ ነው።

ቻይና ለራሷ ገበያ የምትሠራው መኪና ጂቢቲ የሚባለውን መሰኪያ ይዞ ይወጣል። ለአውሮፓና ለብዙ የውጭ ገበያ የሚሠራው ደግሞ ሲሲኤስ2 ነው። አንድ ስም ያለው መኪና እንኳ ሁለት ዓይነት መሰኪያ አለው። ቻይና ውስጥ የተገጣጠመው ቮልስዋገን አይዲ.4 ጂቢቲ ሲሆን የጀርመኑ አይዲ.4 ሲሲኤስ2 ነው። ገዢው ከውጭ ሲያየው ልዩነቱ አይታየውም። የሚታየው ባትሪው 10 በመቶ ሲቀረው፣ የቻርጀሩን ገመድ ስቦ ሲያጣው ነው።

አዳፕተር ይፈታዋል ለሚለው፣ በዝግታ ለሚሞላው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ እውነት አለው። ሁለቱም መሰኪያዎች ሰባት ሰባት ፒን አላቸው፤ ምልክታቸውም ተቀራራቢ ነው፤ ሽቦ ከሽቦ የሚያገናኝ ተራ አዳፕተር ይሠራል። ከዚህ በላይ የምቀበለው የለም። መንገድ ላይ የሚያስፈልገው ፈጣኑ፣ ቀጥተኛው ኤሌክትሪክ ነው፤ እዚያ ላይ አዳፕተር የቅርጽ ማስተካከያ አይደለም። የጂቢቲ መኪና ከቻርጀሩ ጋር የሚነጋገረው ካን በሚባለው መስመር ነው። ሲሲኤስ2 ግን መልእክቱን በከፍተኛ ድግግሞሽ በምልክቱ ሽቦ ላይ ጭኖ ይልካል። ሁለቱ አይግባቡም። ስለዚህ አዳፕተሩ ውስጥ በየሰከንዱ የሚያስተረጉም ኮምፒውተር መኖር አለበት፤ ምን ያህል ቮልት፣ ምን ያህል አምፒር፣ መቼ ይቁም የሚለውን ሁሉ እሱ ነው የሚያደርሰው። ጂቢቲ ቻርጀር ለመኪናው የሚሰጠውን 12 ቮልት ሲሲኤስ2 ቻርጀር አይሰጥምና አዳፕተሩ የራሱን ትንሽ ባትሪ ይሸከማል። ያ ትንሽ ባትሪ ከሞተ ምንም አይጀምርም። ጣቢያው ሶፍትዌሩን ባሳደሰ ማግስት ትናንት ይሠራ የነበረው አዳፕተር እምቢ ሊል ይችላል፤ አስተርጓሚው አዲሱን ንግግር አያውቅማ!

ሙቀቱ ደግሞ አለ። 200 አምፒር በሚያልፍበት መገናኛ ላይ መላላት አንድ ሺኛ ኦም ብቻ ተቃውሞ ቢጨምር 40 ዋት ሙቀት ይፈጥራል፤ የብየዳ ካውያ የሚያክል ሙቀት በአንዲት ፒን ላይ ማለት ነው። አዳፕተር ሲጨመር መገናኛው ሁለት ይሆናል። የመኪናው ሙቀት መለኪያ የሚያነበው የራሱን አፍ ነው፤ በአዳፕተሩና በቻርጀሩ ገመድ መካከል ያለውን አያየውም። የክረምት ዝናብና ጭቃ የገባበት፣ ከመኪና ኋላ ኮፈን ውስጥ ሲንገላታ የከረመ አዳፕተር ከዚህ በላይ ይሞቃል። ፕላስቲኩ ቀልጦ መቆለፊያው ከተጣበቀ መኪናው ከጣቢያው አይላቀቅም፤ ጥገናው ደግሞ መሰኪያውን ሙሉ በሙሉ መቀየር ነው። ይህን ሁሉ አደጋ ነው «ገዢው ይወጣዋል» ብለው የሚያልፉት።

እቤቱ ሆኖ ይሙላ የሚሉም አሉ። ከመኪናው ጋር የሚመጣው 10 አምፒር ገመድ በ220 ቮልት 2.2 ኪሎዋት ይሰጣል፤ 45 ኪሎዋት ሰዓት ለመሙላት ከ20 ሰዓት በላይ ይፈልጋል። በአንድ ሌሊት ለመጨረስ 32 አምፒር ያስፈልጋል። ለዚያ ከቆጣሪው የሚነሳ የራሱ መስመር፣ ባለ 6 ካሬ የመዳብ ሽቦ፣ ርቀቱ ከበዛ ባለ 10፣ ባለ 40 ብሬከር፣ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲያፈስ የሚያቋርጥ መከላከያና መሬት ውስጥ የተቀበረ የግራውንድ ዘንግ ይጠይቃል። ግራውንድ ካጣ ብዙው መኪና ጨርሶ አይሞላም። ጅማ ውስጥ ሄርማታም ሆነ መንደራ ሰፈር ያለ አሮጌ ቤት ሽቦው ለመብራትና ለምጣድ ታስቦ የተዘረጋ ነው፤ በኤክስቴንሽን ስቦ ሌሊቱን ሙሉ ማስሞላት ሶኬት ማቅለጥ ነው። ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ ባለ 16 አምፒር መስመር 3.5 መስጠቱ ቀርቶ 2.9 ኪሎዋት ብቻ ይሰጣል። ደግሞስ ጅማ ያለው የቤት ሶኬት ወልቂጤ ላይ የቆመን መኪና በምን ይረዳል?

በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች እንዳይገቡ ከተወሰነ ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ ክርክሩ ሁሉ ስለ ቀረጥ ሆኗል። ሙሉ ለሙሉ ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመው 5፣ ተበታትኖ ለሚመጣው ዜሮ። ቁጥሩ ይሁን። ግን ዜሮ ቀረጥ ከፍሎ እዚሁ የተገጣጠመ መኪናም የተሳሳተ መሰኪያ ከያዘ መንገድ ላይ ያስቀራል። ሻጯ ቻይና ራሷ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ውጭ ሲወጡ የመላኪያ ፈቃድ እየጠየቀች ነው። ሻጩ በሩ ላይ ዘበኛ ሲያቆም ገዢው በሩን ወለል አድርጎ የሚከፍትበት ምክንያት ምንድን ነው? ፈቃድ ማጥበቅ ዋጋ ያስወድዳል የሚሉት የትኛውን ዋጋ ነው የሚቆጥሩት? ወደቡ ላይ የሚከፈለውን ብቻ ነው፤ ግቤ ላይ የመኪና መጎተቻ የሚጠራው ሰው የሚከፍለውን አይደለም።

አስመጪው ማን ይሁን የሚለው ክርክርም ከጉዳዩ ያርቃል። ወኪል ያምጣው፣ ግለሰብ ያምጣው፣ መጠየቅ ያለበት መኪናው ነው። የተነዳ ከሆነ የባትሪው ቀሪ አቅም ከራሱ የባትሪ መቆጣጠሪያ ተነብቦ ከሰነዱ ጋር ይያያዝ፤ 30 በመቶ አቅሙን ያጣ 45 ኪሎዋት ሰዓት 31 ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ ከወልቂጤ ብዙም አያልፍም። ማስጠንቀቂያው በቻይንኛ ብቻ የሚጻፍ መኪና ሾፌሩ ሊያነበው በሚችለው ቋንቋ ካልተቀየረ አይግባ። የመመርመሪያ ሶፍትዌሩ አገር ውስጥ መኖሩ ይረጋገጥ፤ አለዚያ የሞተች የ12 ቮልት ባትሪ፣ ያቺው ተራዋ ባትሪ፣ መኪናውን ቀጥ ስታደርገው መካኒኩ ትልቁ ባትሪ ተበላሸ ብሎ ያስፈታል።

ከሁሉ በፊት ግን መሰኪያው። አንዱ ይመረጥ፤ የእኔ ምርጫ ጂቢቲ ነው። ለቻይና ገበያ የተሠራው መኪና በሰፊው ገብቷል፣ ቻርጀሩም ከዚያው ይመጣል፤ የአውሮፓውን ደረጃ እንከተል የሚሉት ለጥቂት መኪና ጣቢያ እየሠሩ ነው። ከተወሰነ ቀን በኋላ ከዚህ ውጭ የሆነ መኪና ፈቃድ አያግኝ። እስከዚያ የገቡት እንዳይጎዱ ከአዲስ አበባ ውጭ የሚተከል እያንዳንዱ ፈጣን ቻርጀር ሁለቱንም ገመድ ይያዝ። የ184 ሜጋዋቱ ግልገል ግቤ ጅማ ደጃፍ ላይ ተርባይኑን ሲያዞር፣ የ5,150 ሜጋዋቱ ህዳሴ ግድብ ተመርቆ ሳለ፣ የጅማ ሰው በገመድ ጫፍ ምክንያት መንገድ ላይ ሊቀር አይገባም። የመሰኪያው ዓይነት ደግሞ በፈቃዱ ወረቀት ብቻ ተወስኖ አይቅር፤ ከሻንሲ ቁጥሩ ቀጥሎ ሊብሬው ላይ ይጻፍ፣ ሁለተኛው ገዢም ሦስተኛውም ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት ያንብበው።