ከማሽኑ በፊት አፈሩ

ስለ ርካሽ ቤት በሚነገርበት ሁሉ አንድ ዓይነት ቪዲዮ አይጠፋም። ሁለት ሰዎች የብረት ማሽን ውስጥ ጥቂት ሲሚንቶ የተቀላቀለበት አፈር ይሞላሉ፣ እጀታውን ይጫናሉ፣ ጠርዙ የተስተካከለ ብሎኬት ብቅ ይላል። ከዚያ ብሎኬቶቹ ያለ ሞርታር (የሲሚንቶና የአሸዋ ማያያዣ) አንዱ ሌላው ላይ እየገጠሙ ግድግዳ ይሆናሉ። ያየው ሰው ሁሉ ወዲያው የሚጠይቀው ደግሞ «ማሽኑ ስንት ነው?» ብሎ ነው።

እኔ በተገጣጣሚ የአፈር ብሎኬት አምናለሁ። አቅም የሌለው ሰው ጠንካራና ንጹሕ ቤት ሊሠራባቸው ከሚችላቸው መንገዶች አንዱ ነው። ግን ጥያቄው ሁልጊዜ ከማሽኑ ስለሚጀምር ብዙ ገንዘብና ብዙ ተስፋ ይባክናል።

ማሽኑ እኮ አዲስ ነገር አይደለም። ሲንቫ-ራም የሚባለው በእጅ የሚሠራ መጠቅጠቂያ የተፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ቦጎታ፣ ኮሎምቢያ ውስጥ በነበረ የቤቶች ምርምር ማዕከል ነው። የሠራው መሐንዲሱ ራውል ራሚሬዝ ነበር። ቀላል ስለሆነ በብዙ አገር ተባዛ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ታይላንድ ውስጥ ብሎኬቱ እርስ በርሱ እንዲቆላለፍ የሚያደርገው ቅርጽ ተሠራበት። ኡጋንዳ ውስጥ ደግሞ ትምህርት ቤቶችና የውሃ ማጠራቀሚያዎች ሳይቀሩ በዚህ ብሎኬት ተገንብተዋል። እንግዲህ ማሽኑ ብቻውን የቤት ችግርን የሚፈታ ቢሆን ኖሮ እስካሁን በፈታው ነበር።

የጎደለው እውቀቱ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ የአፈሩ እውቀት።

ማንኛውም አፈር ብሎኬት አይሆንም። ሥርና ቅጠል የበሰበሰበት የላይኛው አፈር ተጠርጎ መነሳት አለበት። ሲረጥብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚተረተር ዋልካ አፈር ደግሞ ለዚህ ሥራ ጠላት ነው። የሚፈለገው አብዛኛው አሸዋና ደቃቅ ጠጠር የሆነ፣ ለማያያዝ ያህል መጠነኛ ሸክላነት ያለው አፈር ነው። ሸክላነቱ ከበዛ ብሎኬቱ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ካነሰ ደግሞ ከማሽኑ ሲወጣ ጠርዙ ይረግፋል። ደስ የሚለው ግን ይህንን ለማወቅ ላቦራቶሪ የግድ አያስፈልግም። 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 4 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 4 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የእንጨት ሳጥን ይሠራል፣ ረጠብ ያለ አፈር ይጠቀጠቅበታል፣ በደንብ እስኪደርቅ ይጠበቅና ምን ያህል እንደተኮማተረ ይለካል። በቆየው የእጅ ማሽን አሠራር መሠረት ከ1.5 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ አንድ ባልዲ ሲሚንቶ ለ18 ባልዲ አፈር ይበቃል፣ ወደ 6 ሳንቲ ሜትር ከተጠጋ ግን አንድ ለ12 ያስፈልጋል። ይህን ልዩነት በሺህ በሚቆጠር ብሎኬት አባዙት። ሳጥኑን ያልሠራ ሰው ወይ ሲሚንቶ በከንቱ ይጨርሳል፣ ወይ ዝናብ የሚያጥበው ግድግዳ ያቆማል። ሸክላነቱ ለበዛ አፈር ደግሞ ከሲሚንቶ ይልቅ ኖራ የተሻለ የሚይዝበት ጊዜ አለ።

ሁለተኛው ችግር ውሃ ነው። ድብልቁ ሲበዛበትም ሲያንስበትም ይበላሻል። የለመዱ ሠራተኞች ድብልቁን በእጃቸው ጨምቀው ኳስ ያደርጉና ከትከሻ ከፍታ ይለቁታል። አራት አምስት ቦታ ከተሰበረ ልክ ነው። እንደ ዱቄት ከተበተነ ደርቋል፣ ሳይሰበር ጥፍጥፍ ካለ ረጥቧል። ሲሚንቶ አንዴ ውሃ ካገኘ በኋላ ድብልቁ በአንድ ሰዓት ውስጥ ተሠርቶ ማለቅ አለበት። ጠዋት አንድ ትልቅ ክምር አቡክቶ እስከ ከሰዓት ከእሱ እየዛቁ መሥራት የተለመደ ጥፋት ነው፣ የከሰዓቱ ብሎኬት ከጠዋቱ ጋር ቁርጥ አንድ ይመስላል፣ ጥንካሬው ግን ፈጽሞ አንድ አይደለም፣ ይህንን ደግሞ ማንም በዓይኑ አይቶ አይለየውም።

ከዚያ በኋላ ያለው እንክብካቤም እንዲሁ ይዘለላል። ብሎኬቱ ጥላ ሥር ተደርድሮ፣ በላስቲክ ተሸፍኖ፣ ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ መጠጣት አለበት። ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው ወደ 28 ቀን ገደማ ነው። ፀሐይ ላይ አስጥቶ በሦስተኛው ቀን ግንባታ መጀመር ገንዘብን መሬት ላይ መድፋት ነው። ቤት ለመሥራት ለዓመታት የቆጠበ ሰው ሁለት ጊዜ መክሰር አይችልም፣ እኔን የሚያንገበግበኝም ይኼ ነው።

ስለ ዋጋውም በግልጽ እንነጋገር። በዚህ አሠራር የሚቀንሰው የግድግዳ ወጪ ነው። በብሎኬቶቹ መካከል የሚገባው ሞርታር በእጅጉ ይቀንሳል፣ አፈሩ ከቦታው ከተገኘ የማጓጓዣው ወጪ ይቀራል፣ እንደ ሸክላ ጡብ በእሳት ስለማይተኮስ ለማገዶ የሚቆረጥ ዛፍ የለም። ትልቅ ጥቅም ነው። መሠረቱ፣ ጣሪያው፣ በርና መስኮቱ ግን እዚያው ናቸው። ስለዚህ «ቤትዎን በግማሽ ዋጋ» የሚል ሻጭ ስታዩ የቱን ግማሽ እንደሆነ ጠይቁት። እንዲያውም የአፈር ግድግዳ መሠረቱና ጣሪያው ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከመሬት ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረትና ግድግዳውን ከዝናብ የሚጋርድ ሰፊ የጣሪያ ክፈፍ ከሌለው ዕድሜው ያጥራል።

ሞርታር የለም ማለት ደግሞ ግንበኛ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ሞርታር የግንበኛን ትንንሽ ስህተት ይሸፍናል። እዚህ መሸፈኛ የለም። የመጀመሪያው ረድፍ በሞርታር ላይ በውሃ ልክ ቀጥ ብሎ ካልተቀመጠ፣ ወይም ማሽኑ ውስጥ የሚገባው አፈር በየጊዜው እኩል ካልሆነና የብሎኬቶቹ ቁመት ከተለያየ፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር እየተደመረ ላይ ሲደርስ ግድግዳው ይጣመማል። የመሬት መንቀጥቀጥ ባለበት አካባቢ በብሎኬቶቹ ቀዳዳዎች ፌሮ ማስገባትና ከላይ በማሰሪያ ቢም ማሰር ግዴታ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ዋጋው ከማሽኑ ያላነሰ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንድ በእጅ የሚሠራ ማሽን ደህና የሰለጠነ ቡድን ካገኘ በቀን ጥቂት መቶ ብሎኬት ያወጣል። አነስተኛ ቤት የሚፈልገው ጥቂት ሺህ ነው። በሳምንታት ውስጥ ያልቃል፣ ከዚያ ማሽኑ ጥግ ይዞ ይዝጋል። ለአንድ ቤተሰብ ማሽን መግዛት ስሌቱ አይገባኝም። ጎረቤታሞች ወይም የቤት ማኅበራት በጋራ ይግዙት፣ ካልሆነም ይከራዩት፣ የተረፈውን ገንዘብ አንድ ጥሩ ዋና ግንበኛ ለመቅጠርና ልጆቻቸውን አብረው ለማሠልጠን ያውሉት። እርዳታ የሚሰጡ ድርጅቶችም ያስረከቡትን ማሽን መቁጠር ይተዉና ከ5 ዓመት በኋላ የቆመውን ግድግዳ ይቁጠሩ። የመንግሥት ድርሻ ደረጃ ማውጣት ነው። ህንድና ኬንያ በሲሚንቶ ወይም በኖራ ለተጠናከረ የአፈር ብሎኬት የራሳቸው ደረጃ አላቸው። ደረጃ በሌለበት ግንባታ ፈቃድ ይከለከላል፣ ባንክም አያበድርም፣ ስለዚህ ጥሩውም መጥፎውም ብሎኬት አንድ ላይ «የጭቃ ቤት» ተብሎ ይጣላል።

ለማሽን ልትከፍሉ የተዘጋጃችሁ ካላችሁ ለጥቂት ቀን ብቻ ተከራዩትና ከቦታችሁ አፈር በተለያየ መጠን ሲሚንቶ ጥቂት ጥቂት ብሎኬት ሥሩ። ምልክት አድርጉባቸው፣ በሥርዓቱ ውሃ አጠጡ፣ በ28ኛው ቀን አንድ ሙሉ ቀን ውሃ ውስጥ ንከሯቸው። ጠርዙ በጣት ሲጫኑት የሚፈርሰውን መጠን ተዉት። ሁሉም ከፈረሰ ሌላ አፈር ፈልጉ፣ ማሽኑንም ገና አትግዙ።